ከባድ ናቸው

መምህር በላይ ከበደ ነቀምቴን ለቀው የሄዱት ለምንድን ነው ቢባል አንዱ አየሩ አልስማማቸው ብሎ ነው ይላል፤ ሌላው አገራቸው ናፍቋቸው ነው ይላል፤ ሹመት አግኝተው ነው የሚልም አልታጣም። ሁሉም ውሸት ነው። ያባረርኳቸው እኔ ነኝ። በአንድ ቅጽል ነው ያባረርኳቸው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ቁጭ ማለት ያቅተኛል፤ ተነሥቼ ግቢውን እዞራለሁ። አሁንም ይህን የምጽፈው እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነው።

ድርቤ ገቢሳ እባላለሁ፤ የኑኑ ቁምባ አገር ልጅ ነኝ። በ1961 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ለመምህርነት ከሚሠለጥኑት ሰባ ያህል ተማሪዎች አንዷ ነበርኩ። ከጊምቢ የመጣ አለ፣ ከአርጆ አለ፣ ከሻምቡ አለ፣ ከጊዳ አያና አለ። ለአብዛኞቻችን ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ መጽሐፉ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ ነበር። አንድ ነገር ከማሰባችን በፊት በየትኛው እንደምናስበው መምረጥ ነበረብን። በዚህ ምክንያት ቶሎ መልስ የማይሰጥ ተማሪ ሁሉ ደነዝ ይባል ነበር።

መምህር በላይ የሚያስተምሩን አማርኛ ነው። ተጉለት ተወልደው ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ተምረው መምህር የሆኑ ሰው ናቸው። ነቀምቴ ሲመደቡ “ሁለት ዓመት አገልግዬ እመለሳለሁ” ብለው ነበር አሉ፤ እኔ ስደርስ አሥራ ስድስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ጨለለቂ ሰፈር ከባለቤታቸው ከወይዘሮ በዛብሽ ጋር ይኖራሉ፤ ልጅ የላቸውም። ከመቅጠናቸው የተነሣ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲመጡ፣ ጃንጥላው ነው ሰውየውን የያዘው እንል ነበር። ስማቸው በላይ ስለሆነ እኛ ራሳችንን “በታቾች” ብለን ሰይመናል።

ቁጣቸው ግን ከሰውነታቸው ጋር አይመጣጠንም። በቀይ ቀለም ያልነኩት ገጽ የለም። “ሠራዊት”ን በእሳቱ “ሰ” የጻፈ ሃያ ጊዜ ደግሞ ይጽፈዋል። “ዓለም”ን በአልፋው “አ” የጻፈ ደግሞ መጀመሪያ ለምን ዓይኗን እንዳጠፋት ቆሞ ያስረዳል፤ ሃያው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ የተናገረ ውጭ በሩ ላይ ይቆማል። ሕጉ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሌሎቹ መምህራን እንዳልሰሙ ያልፉታል፤ እሳቸው አያልፉም። ከጊዳ አያና የመጣው ጓደኛዬ ዋጋሪ አፉ አያርፍለትምና የአማርኛን ትምህርት ግማሹን የተማረው በሩ ላይ ቆሞ ነው።

ታዲያ ይህን ሰው ማን ይወዳል? እኔ እወዳቸው ነበር። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አባቴ ገቢሳ የእርሻ ድንበር ክርክር ነበረበት። ሦስት ዓመት አውራጃ ፍርድ ቤት ተመላልሷል። አማርኛ አይችልም። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች እሱ የነገራቸውን ትተው የለመዱትን ይጽፉለታል፤ አንድ ጊዜማ ስሙን በተከሳሽ ቦታ አስገብተውት ራሱን ከሶ ተመለሰ። መምህር በላይ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከክፍላችን ጀርባ ባለው በረንዳ ላይ የፈለገውን ሰብስበው የአቤቱታ አጻጻፍ ያስተምሩ ነበር። በትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ የለም። “አቤቱታውን ራሱ መጻፍ የማይችል ሰው አፉን ለሌላ አከራይቷል” ይሉ ነበር። የአባቴን አቤቱታ ሰባት ጊዜ አጻፉኝ። ሰባተኛውን ሲያነቡ ቀዩን ብዕር ኪሳቸው ከተቱት። በዚያ ወረቀት የአባቴ ድንበር ተመለሰ።

አባቴ በአንድ ቅዳሜ ከኑኑ ተነሥቶ መጣና በረንዳው ላይ ፊታቸው ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ “ኡልፋዳ” አላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ስንወጣ አባቴ “ናምቺ ሱን ኡልፋታዳ” አለኝ። ያ ሰው ከባድ ነው ማለቱ ነው። በእኛ ቋንቋ የተከበረ ሰው ይከብዳል። ቀላል ሰው ያገኘው ሁሉ የሚገፋው ነው፤ ከባድ ሰው ግን ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፣ የተናገረውም መሬት አይወድቅም። ኡልፋዳ ማለትም “ይክበዱ” ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምርቃት አባቴ አያውቅም።

መጋቢት ላይ አቶ ነመራ አዲስ ነገር አመጡብን። አቶ ነመራ ምክትል ዲሬክተራችን ናቸው፤ የደምቢ ዶሎ ልጅ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ ክራቫታቸው ከአንገታቸው የማይለይ። አንድ ቀን ጠዋት ማባዣው ላይ የተባዛ፣ ቀለሙ እጅ የሚያቆሽሽ ወረቀት ይዘው ገቡ። ተማሪ ስለ መምህሩና ስለ ትምህርቱ ያለውን አስተያየት ይጽፋል፤ ስም አይጻፍም፤ በሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው የሚሠራው አሉ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ስለ መምህሩ ምን ትላለህ? ትምህርቱ ይገባሃል ወይ? ምን ይሻሻል?

ከእናቱ ጓዳ እስከ ንጉሡ ችሎት ድረስ አስተያየቱን ተጠይቆ የማያውቅ ሰው በድንገት ሲጠየቅ የሚመጣበት መጀመሪያ ፍርሃት ነው። “ስም የሌለው ወረቀት ወጥመድ ነው” አለ አንዱ። ሌላው በግራ እጁ መጻፍ ጀመረ። አንዱ “እኔ ምንም አላውቅም፤ ወላጆቼ ይጠየቁ” ብሎ ጽፎ አስረከበ። የምግቡ ነገር ያንገበገበው ደግሞ በሦስቱም ጥያቄ ሥር “ባቄላው ይሻሻል” አለ።

ከደፈርን በኋላ ግን ማን ይመልሰን! የሒሳብ መምህራችን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ገብተው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው የሚወጡ ሰው ናቸውና፣ “ሰሌዳው በሚገባ ገብቶታል፤ አሁን ደግሞ እኛን ያስተምሩን” የሚል ተጻፈላቸው። ከሰላም ጓድ የመጣው አሜሪካዊ “ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ግን የሁላችንንም ስም ያውቃል” ተባለ። ዋጋሪ ስለ ሳይኮሎጂው ትምህርት “መጽሐፉ ላይ ያለው ሕፃን ወተት አልጠጣም ብሎ ያለቅሳል፤ እኛ የምናስተምረው ሕፃን የሚያለቅሰው ወተት አጥቶ ነው። እባካችሁ ሕፃኑ ይቀየር” ብሎ ጻፈ። ስለ መምህር በላይ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ “በሩ ላይ ወንበር ይቀመጥልን።”

እኔ ስለ መምህር በላይ ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። ልቤ ውስጥ ያለው ቃል የአባቴ ቃል ነው። በአማርኛ ማን ልበለው? “ክቡር” የሚለው መጣልኝና ፈራሁት። መምህር በላይ ራሳቸው ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን፣ “ክቡር ለሚኒስትርና ከዚያ በላይ ላለ ነው። ለማይገባው ሰው ክቡር ብላችሁ ብትጽፉ እየሸረደዳችሁት ነው” ብለው አስጠንቅቀውን ነበር። እኔ ልሸረድዳቸው? ስለዚህ የአባቴን ቃል እንደወረደ ወደ አማርኛ መለስኩት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤

“መምህር በላይ ከባድ ናቸው። እንደ እሳቸው ከባድ መምህር አላየሁም። በቤታችንም ከባድነታቸው ይወራል። ምንም አይሻሻል። እንዲሁ ከብደው ይኑሩ።”

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም። ሁሉም እንዳደረገው የእጅ ጽሑፌን ለወጥ አድርጌ ነበር፤ ደስ ብሎኝ አስረከብኩ።

በሳምንቱ አቶ ነመራ የየመምህሩን በየፖስታው አድርገው ሰጧቸው። ማክሰኞ መምህር በላይ ገቡ። ጃንጥላቸውን ከጥግ አቆሙ፤ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

“የሁላችሁንም አንብቤአለሁ” አሉ። “በሩ ላይ ወንበር የጠየቀ አለ። ተመልክቼዋለሁ።” ሁላችንም ሳቅን፤ ዋጋሪ አንገቱን ቀበረ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከፖስታው አንድ ወረቀት አወጡ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሩና በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉ፤ መምህር በላይ ከባድ ናቸው።

“ዛሬ ዐረፍተ ነገር እንተነትናለን። ባለቤቱ ማነው?”

“መምህር በላይ” አሉ ራሳቸው። “ማሰሪያ አንቀጹስ? ናቸው። ከባድ የሚለው ምንድን ነው? ሸዋጌጥ።”

ሸዋጌጥ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከሸዋ የመጡ፣ የመምህር በላይ ጎረቤት። ተነሥታ “ቅጽል ነው” አለች።

“ትርጉሙ?”

“ሸክም የሆነ፣ የማይቻል፣ የሚያስጨንቅ።”

“መልካም። ቀጣዩ።” ቀሪውንም ጻፉት፤ እንደ እሳቸው ከባድ አላየሁም የሚለውን፣ በቤታችን ይወራል የሚለውን። “እንዲሁ ከብደው ይኑሩ” የሚለው ላይ ሲደርሱ ጠመኔው ተሰበረ። ጎንበስ ብለው አነሡትና ጨረሱት። ከዚያ ዞረው አዩን።

“ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ምፀት ይባላል” አሉ። “ጸሐፊው ጎበዝ ነው። ፊደሉም፣ ሰዋስዉም፣ ነጥቡም ትክክል ነው። በከንቱ አልደከምኩም።”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰሌዳው ላይ ያለው ቃል የእኔ ነው፤ ትርጉሙ ግን የእኔ አይደለም። አጠገቤ ያሉት እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የገባቸውም ነበሩ መሰለኝ፤ ግን ኡልፋታ የሚለውን የአባቴን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ማን አፉን ከፍቶ ያወጣዋል? ለማስረዳት የሚያስፈልገው ቃል ራሱ በር ላይ የሚያስቆም ነው። ተነሥቼ በመናገር ፈንታ የሰሌዳውን ጽሑፍ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። እሳቸው ሰሌዳውን በራሳቸው እጅ ጠርገው፣ ደወል ሳይደወል ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከቁጣ ይከፋል። መምህር በላይ ቀለሉ። ቀዩ ብዕር ጠፋ፤ ደብተራችን ሳይነካ ይመለስ ጀመር። “ዓለም”ን በአልፋው “አ” የጻፈ ማንም አልጠየቀውም። ፈተናው “እውነት ወይም ሐሰት” ሆነ። አንድ ነገር ከማስተማራቸው በፊት “ይህ ይከብዳችሁ እንደሆነ እንተወው” ይላሉ። ዋጋሪ ሊፈትናቸው ሆን ብሎ ጮክ አድርጎ በኦሮምኛ አወራ። እሳቸውም “ተቀመጥ” ብቻ አሉት። ዋጋሪ ተቀመጠ፤ ግን ፊቱ እንደተቀጣ ሰው ፊት ነበር። ቅዳሜ በረንዳው ላይ ስንሄድ የሉም። ሰው ሁሉ እፎይ የሚል መስሎኝ ነበር፤ አላለም። ክፍሉ ሁሉ የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ይቅበዘበዝ ጀመር፤ ከሁሉም በላይ እኔ።

ለዋጋሪ ነገርኩት። ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቆመን ነበር። መጀመሪያ አፉን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወ።

“ኧረ ድርቤ፣ ሄደሽ ንገሪያቸዋ።”

“ብባረርስ?”

“ማሎ፣ እባክሽ፣ ስም አይጻፍም ተብሏል አይደል እንዴ?”

“ስሜን ካልነገርኳቸው እንዴት አድርጌ ነው የምነግራቸው?”

ቢሆንም በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳቸው። “መምህር፣ ስለዚያ ወረቀት…” ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው አቆሙኝ። “ድርቤ፣ ጓደኛሽን አሳልፈሽ አትስጪ። ስም አይጻፍም ተብሎ ቃል ተሰጥቷል። የጻፈው ሰው ቢታወቅ እኔ ነኝ የምዋረደው።” ይህን ብለው ሄዱ። ላሳብቅ የመጣሁ መስሏቸው ነው! በዚያ ሰዓት እንኳ፣ የሰደባቸውን ሰው ከእኔ ይከላከሉለት ነበር። ባለሁበት ቆሜ አለቀስኩ። ከዚህ በላይ ከባድነት ምን አለ?

ቀጥዬ ደብዳቤ ልጽፍላቸው ሞከርኩ፤ እሳቸው ባስተማሩኝ በአቤቱታው ሥርዓት፣ ከራስጌው እስከ ግርጌው። “ከባድ ማለቴ” የሚለው ላይ ስደርስ እንደገና ሌላ የአማርኛ ቃል ላምን ነው። አንድ ጊዜ ያሳሳተኝ ቋንቋ ሁለተኛ ላለማሳሳቱ ምን ዋስትና አለኝ? ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። መኝታ ቤታችን ውስጥ የወረቀት ያለህ የሚሉ ልጆች ተቆጡኝ።

በመጨረሻ አቶ ነመራ ቢሮ ገባሁ። እሳቸው የእኛው ሰው ናቸው፤ ገና ኡልፋታ ስላቸው ገባቸው። ወንበራቸው እስኪንቋቋ ሳቁ። “ይህማ ለሪፖርቴ ድንቅ ምሳሌ ነው” አሉና በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። “አይዞሽ፣ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ።” እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ልቤ አረፈ። መምህር በላይ አሁንም ቀላል ናቸው፤ እኔ ግን ዛሬ ይነገራቸዋል፣ ነገ ይነገራቸዋል እያልኩ እጠብቃለሁ። አቶ ነመራ በሪፖርታቸው ላይ ጻፉት እንጂ ለሰውየው አልነገሩም። ረሱት። ትልቅ ሰው ትንሽ ነገር ይረሳል፤ ትንሹ ነገር ግን የሌላ ሰው ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ሸዋጌጥ ምግብ አዳራሽ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ “ጋሽ በላይ ዝውውራቸው መጣ” አለች። “ደብረ ብርሃን ነው አሉ። ማመልከቻውን ያስገቡት መጋቢት ላይ ነበር። እትዬ በዛብሽ ሁለት ቀን ሙሉ አላዋራ ብለዋቸዋል።”

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ በሩን የሚጠብቀው ሰውዬ ሲጠራኝ ዞር አላልኩም። እስከ ጨለለቂ በሩጫና በእርምጃ መካከል ሄድኩ። ሰማዩ ጠቁሯል።

ወይዘሮ በዛብሽ ደጃፋቸው ላይ ትራስ በጆንያ ይጠቀጥቃሉ። መንዝ የተወለዱ ናቸው፤ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ገበያ የሚወጡት እሳቸው ናቸውና ኦሮምኛን እንደኛው ይናገሩታል። ሰላምታ ስሰጣቸው ልማዴ አመለጠኝ፤ “አካም ጂርቱ፣ አዴ” አልኩ፤ እንደምን አሉ እማማ ማለቴ ነው። “ነጋዳ” ብለው ሰላምታዬን መለሱ ቀና ብለው። ያን ጊዜ በቃ ምላሴ ተፈታ። በገዛ ቋንቋዬ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ተናገርኩ።

“ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከባድ ናቸው ያልኩት።”

ፊታቸው ተዘጋ። “ምን በደለሽ እሱ? ቅዳሜውን ሲሠዋላችሁ የኖረ ሰው።”

“አዴ፣ ኡልፋታ ማለቴ ነው።”

ጆንያውን ለቀቁት። “ኡልፋታ?”

“ኤዬ፣ አዎን።”

“ኡልፋታ ብለሽ አስበሽ ከባድ ብለሽ ጻፍሽ?”

ራሴን ነቀነቅኩ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ይስቁ ያልቅሱ አላወቅኩም። “እኔን ገበያ ላይ ኡልፋዳ ሲሉኝ ነው የኖሩት” አሉ በአማርኛ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። “ቤት ስመለስ አንድ ቀን ለሱ አልነገርኩትም። የገበያ ወሬ አይወድማ።” እጄን ይዘው አስገቡኝ።

መምህር በላይ ወለሉ ላይ ተንበርክከው መጻሕፍት በገመድ ያስራሉ። ሚስታቸው እንደቆሙ ጠየቋቸው።

“በላይ፣ የአባትህ ስም ማን ነበር?”

“ምን ነካሽ?”

“ንገረኛ።”

“ከበደ ነዋ።”

“ምን ማለት ነው?”

መምህር ናቸውና ጥያቄ ሲጠየቁ መልስ ሳይሰጡ አያልፉም። ገመዱን እየሳቡ፣ በዚያ በለመድነው ድምፅ ጀመሩ። “ከብደ ከሚለው ግዕዝ ነው። ከብደ፣ ይከብድ። ክብደት፤ ከባድ፤ ከበደ፤ የተፈራ፣ የተከበረ…” አቆሙ። ቀና ሲሉ እኔን በሩ ላይ አዩኝ።

“አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ፣ መምህር።”

“ክቡር የሚል ቃል አጥተሽ ነው?” አሉ። ቁጣቸው ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ስሰማው ደስ አለኝ።

“ክቡር ለሚኒስትር ነው፤ ለሌላ ሰው ሽርደዳ ነው ያሉን እርስዎ ነዎት።”

ገመዱን ፈቱት፤ መልሰው አሰሩት። “አባትሽ ያን ቅዳሜ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንድ ነገር ብለውኝ ነበር” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ምንድን ነበር ያሉኝ?”

“ኡልፋዳ።”

“ምን ማለት ነው?”

“ይክበዱ ማለት ነው። ይክበሩ።”

“አሥራ ስድስት ዓመት” አሉ መምህር በላይ። “አሥራ ስድስት ዓመት ይህን ቃል በር ላይ አቁሜው ኖርኩ።” ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ ከእኔ ለመደበቅም አልሞከሩ።

“እንግዲያው ይቅሩ፣ መምህር” አልኩ። “ለሚኒስቴሩ ይጻፉ። እኔ እጽፋለሁ። ሰባት ጊዜ እጽፈዋለሁ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “በቦታዬ ሌላ ሰው ተመድቧል። ማመልከቻውንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ምንም ስሕተት አልነበረበትም።”

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት አጭር ናቸው። ቀዩ ብዕር ተመለሰ፤ አንድ ገጽ ሳይራሩ አረሙን። አንድ ቀን ዋጋሪ በኦሮምኛ ሲንሾካሾክ ሰሙት። ሁላችንም በሩን አየን። እሳቸው ግን “ምን አልከው? ለእኔም ንገረኝ” አሉት። ዋጋሪ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ጠፋበት።

ሰኔ ላይ ፈተና ባለቀ ማግስት ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሄድን። መጻሕፍቱ ጣሪያው ላይ ተጫኑ። ወይዘሮ በዛብሽ ከገበያ ወዳጆቻቸው ጋር ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። አባቴ ከኑኑ መጥቷል፤ እንደዚያ ቀን ባርኔጣውን አውልቆ “ኡልፋዳ” አላቸው። አሁን ገብቷቸው፣ በሁለት እጃቸው እጁን ያዙት። ለእኔ የታጠፈ ወረቀት በእጄ አስጨብጠውኝ አውቶቡሱ ላይ ወጡ። አውቶቡሱ ሲነሣ እግሬ ከኋላው ጥቂት ሮጠ፤ ያዘዝኩትም አይመስለኝ።

በእሳቸው ቦታ የተመደበው መምህር ቀላል ሰው ነበር። ሲስቅም ሲያስተምርም ቀላል ነው፤ ማንንም በር ላይ አያቆምም። ያስተማረኝን አንዱንም አላስታውስም።

ወረቀቱን የከፈትኩት አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ነው። ያው የእኔ አስተያየት ነው፤ ማባዣው ያቆሸሸው። “ከባድ” የሚለውን ሁሉ በቀይ አስምረውበታል። ከጎኑ በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፤ “ዑልፋታ። ቃሉ ትክክል ነው። የተሳሳተው አንባቢው ነው።” ዑልፋታ ብለው፣ በዓይኑ “ዑ”። በአልፋው “ኡ” ቢጽፉት ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ከሁለቱ ፊደል ከባዱን መርጠውለታል።

አላረምኳቸውም።